ፍልፈሉ፣ ተርቡና ሽማግሌዎቹ

ድርቤ የምትጨነቅበት ነገር አጥታ አታውቅም። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ያስጨንቃታል፤ ሲያባራ ጓሮው። የዚያን ዓመት መስቀል እንዳለፈ ግን ጭንቀቷ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ከመሬት በታች፣ ሌላው ከመሬት በላይ።

ከመሬት በታች ያለው ፍልፈል ነበር። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ጓሮ የተከለችውን አንጮቴ ይጨርስባት ጀመር። የአንጮቴ ሐረጉ በአጥር ላይ ይሳባል፤ የሚበላው ግን አፈር ውስጥ ያለው ሥሩ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው። ድርቤ አንድ ማለዳ ለምለሙን ሐረግ ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ግብግብ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ የለም። ሁለተኛውን ሳበች፤ እሱም የለም። ከአጠገቡ አዲስ የተቆለለ አፈር እንደ ተነፋ ዱቄት ልሞ ተቀምጧል።

ከመሬት በላይ ያለው ደግሞ ተርብ ነው። ከደጁ ባለው ብሳና ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ቤቱን ሠርቶ፣ ከሥሩ ያለፈውን ሁሉ ጥዝዝ እያለ ይመረምራል።

በሌላ ዓመት ቢሆን ድርቤ ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ዘንድሮ ግን ለልጅዋ ለቀለሟ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ጠያቂው ልጅ ቀነዓ ይባላል፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ የክሊኒክ ድሬሰር ነው። ቀለሟ ስሙ ሲነሳ ውኃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች፤ እንስራው ሙሉ ሆኖ ሳለ። ድርቤ ይህን አይታ እንዳላየች ትሆናለች፤ በልቧ ግን ሌላ ጸሎት የላትም።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን አይናገሩም። ልማዱ እንዲህ ነው። ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ይመጡና ከደጅ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አይጣሩም፣ አያንኳኩም። የቤቱ ጌታ ራሱ አይቷቸው እስኪወጣ ድረስም ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም፤ ተነሥተው ከሄዱ ልመናው ፈረሰ ማለት ነው። አባት ወጥቶ ይሰማቸውና፣ "ዘመድ ልጠይቅ፣ ተመለሱ" ይላቸዋል። ሌላ ቀን ተመልሰው ይመጣሉ፤ አሁንም ደጅ ላይ ነው። በሦስተኛው ነው ቤት ገብተው እህል የሚቀምሱት።

በድርቤ ደጅ ያለው ዛፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ብሳናው።

ይህም ይሁን። የሽማግሌዎቹ አውራ ኦቦ ዋጋሪ መሆናቸው ነው ድርቤን እንቅልፍ የነሳት። ኦቦ ዋጋሪ ወንጌል የገባቸው፣ በጉባኤ ፊት ቆመው የሚጸልዩ ሰው ናቸው፤ "ምልኪ የሚባል ነገር የለም" እያሉም ያስተምራሉ። ሆኖም ባለፈው ዓመት ሌላ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ቀበሮ መንገድ ቢያቋርጥባቸው፣ "ሆዴን ቆረጠኝ" ብለው ተመልሰዋል። ሆዳቸው እስከ ዛሬ አልተሻላቸውም፤ ያቺም ልጅ እንደተቀመጠች ናት። እንግዲህ ቀበሮ ከሩቅ አይተው የተመለሱ ሰው፣ ተርብ ደጅ ላይ ቢነድፋቸው ምን ሊሉ ነው?

"አባ ቀለሟ፣ ያንን ተርብ ዛሬ ያቃጥሉት" አለች ባሏን።

"ነገ" አለ ጉሉማ። ጉሉማ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጫማውን አስሮ የሚወጣ።

"ትናንትም ነገ ብለው ነበር።"

"ታዲያ ነገ መቼ ደረሰ? ደግሞ ተርቡ ምን አደረገሽ ሃዳ ቀለሟ፣ የልጄ እናት? እሱም እንደኛ ቤት ሠርቶ ልጆቹን ያሳድጋል።"

"የእኔን ልጅ ሊያስቀርብኝ ነዋ!"

"እንግዲያውስ ነገ" አለና ጋቢውን ተከናነበ።

ድርቤ ሌላ መላ ፈለገች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ትማራለች። ቁጭ ብላ ስትጽፍ ምላሷን ነክሳ ነው፤ አስተማሪው ያላትን ሁሉ እንደ ቃለ መሐላ ትይዛለች። የሳሙና ሣጥን ክዳን አገኘችና ከሰል አንሥታ፣ ከላብ ጋር እየታገለች ጻፈችበት። ተርብ አለ። አትቀመጡ። ከትምህርት ቤት ውጭ የጻፈችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ከብሳናው ግንድ ላይ በገመድ አሰረችው፤ ራቅ ብላም አነበበችው፤ ቀረብ ብላም አነበበችው። ተርቡ ካልሄደ ሰው ይርቃል ብላ ትንሽ ተነፈሰች።

ቀጥሎ ፍልፈሉ ነው። ስለ እሱ የጠየቀችው ጎረቤቷን ሸዋጌጥን ነው። ሸዋጌጥ ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ፣ ስለማታውቀው ነገርም ቢሆን አስረግጣ የምትናገር ሴት ናት።

"ፍልፈል? ይኼማ ምን ያስጨንቃል እቴ! እበትና በርበሬ አጭሰሽ በጉድጓዱ ትነፊበታለሽ። መጀመሪያ ግን የአፈሩን ክምር እየከፈትሽ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኚ። ጢሱን የምትነፊበት አንድ ብቻ ይቅር።"

"ሁሉንም ልድፈን?"

"ሁሉንም! አንድ ከተውሽለት በዚያ ወጥቶ ይስቅብሻል።"

"በርበሬው ስንት ይሁን?"

"ለወጥ እንደምትጨምሪው ነዋ። ለድግስ ወጥ።"

ድርቤ የተነገራትን አታጓድልም። ያን ዕለት እስኪመሽ ጓሮውን በዶማ ዞረችው። ያገኘችውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ደፈነች፤ ደፍናም ረገጠችው፤ ረግጣም ድንጋይ ጫነችበት።

በማግስቱ ገና ሰማዩ ሲገላለጥ ቀለሟን ቀስቅሳ ወደ ጓሮ ወጣች። ፍልፈል አፈር የሚገፋው በዚህ ሰዓት ነው። ቂጡ የተበሳ አሮጌ ማሰሮ ይዛለች። ፍም አደረገችበት፣ ደረቅ እበት ጨመረች፣ በላዩ በርበሬውን ዝርግፍ አደረገችው። አፉን ወደ ጉድጓዱ ደፍታ ዙሪያውን በአፈር ከዘጋች በኋላ በተበሳው ቂጥ ትነፋ ጀመር። ጉንጯ እስኪያብጥ ነፋች። ሲደክማት ቀለሟ ተቀበለቻት።

"እማዬ፣ ጢሱ የታለ?"

"ገብቷላ።"

"የት ገባ? በየትም አይወጣም እኮ።"

"አይወጣማ! ሁሉንም ደፍኛለሁ" አለች ድርቤ በኩራት። "ይዋጠው! የአንጮቴዬን ዋጋ ይቅመስ! ንፊ!"

ቀለሟ ሳቋ እያመለጣት ነፋች። በርበሬው ነደደ፤ ጢሱም ወደ መሬት ሆድ እየተንቆረቆረ ጠፋ።

ከደጅ በኩል ማስነጠስ ተሰማ።

"አባትሽ ተነሣ እንዴ?"

"አባባ እንደተኛ ነው።"

እንደገና ተሰማ፤ አሁን በወፍራም ድምፅ። ወዲያው ሦስተኛው፣ እሱ ደግሞ ሳልና ማስነጠስ አንድ ላይ። የሦስት ሰው አፍንጫ መሆኑ ነው። ድርቤ ቀጥ አለች። ማሰሮውን ለቀለሟ ትታ በቤቱ ጥግ አንገቷን ብቅ አደረገች።

ሦስት ሽማግሌዎች ከብሳናው ሥር ተቀምጠዋል። ኦቦ ዋጋሪ መሐል ናቸው፤ በግራቸው ኦቦ ታፋ፣ በቀኛቸው ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡት አቶ ማዘንጊያ። የድርቤ ሰሌዳ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል። ከብሳናው ሥሮች መካከል ደግሞ፣ ድርቤ በሕልሟም ካላሰበችው አንድ ቀዳዳ፣ ጥቁሩ የበርበሬ ጢስ በኦቦ ዋጋሪ ሁለት ጉልበቶች መሐል እየተግተለተለ ይወጣል። ከላይ ተርቦቹ ቤታቸውን ጥለው እንደ ገብስ ፍሬ እየተዘረገፉ ነው።

ሽማግሌዎቹ አልተነሡም። እንዴት ይነሡ? አባት አልወጣላቸውም። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ በትራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው፣ ፊት ለፊት ብቻ እያዩ ተቀምጠዋል። አንድ ተርብ በኦቦ ዋጋሪ አፍንጫ ላይ አረፈ። እሳቸው ዓይናቸውን አጣመው አዩት እንጂ እጃቸውን አላነሡም።

"ያ ጎፍታ!" አለች ድርቤ። "ጌታዬ ሆይ!"

ባሏን ልትቀሰቅስ አሰበች። ጉሉማ ተነሥቶ፣ ሱሪውን ታጥቆ፣ ጋቢውን አስተካክሎ እስኪወጣ ግን ከሽማግሌዎቹ የሚተርፍ ላይኖር ነው። ሴት በልመና መካከል አትገባም፤ ይህንንም ታውቃለች። ተርቡ ኦቦ ዋጋሪን አፍንጫቸው ላይ ነደፋቸው። ከጉሮሯቸው ትንሽ ድምፅ ወጣች፤ ሰውየው ግን እንደ ጉልቻ አልተነቃነቁም።

ከዚህ በኋላ ድርቤ አላሰበችም። ከገመድ ላይ የተሰጣውን ብርድ ልብስ ስባ ሮጠች። ብርድ ልብሱን በኦቦ ዋጋሪ ራስ ላይ ጣለች፤ እንደ ጥጃ እቅፍ አድርጋም አስነሣቻቸው።

"ግቡ! ግቡ ወደ ቤት! አባቶቼ፣ ወደ መንገድ እንዳትሮጡ፣ ወደ ቤት!"

"ገና አልተጠራንም" የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣ።

"ጠርቻችኋለሁ! እኔ ጠርቻችኋለሁ!"

ኦቦ ታፋና አቶ ማዘንጊያ የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር፤ ቀድመዋት ገቡ። ድርቤ በሩን ዘጋች። እሷን ተርቦቹ አንገቷ ላይና ክንዷ ላይ ነድፈዋታል፤ ሕመሙ የተሰማት ግን ቆየት ብሎ ነው።

ጉሉማ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እንግዶቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

"አካም ቡልታኒ?" አለ፣ ሌላ ምን ይበል።

"ፋያ፣ ፋያ፤ ደኅና አደርን" አሉ ኦቦ ታፋ የተነደፈ ጆሯቸውን ይዘው።

ኦቦ ዋጋሪ ብርድ ልብሱን ገልጠው ተቀመጡ። አፍንጫቸው ወዲያውኑ ማበጥ ጀምሯል። ድርቤ የተፈጨ ሽንኩርት ይዛ ስትቀርብ የአምናው ቀበሮ ትዝ አላት። እሱ እንኳ ከሩቅ ነበር፤ ምንም አልነካቸውም። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቀለሟ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ጥላሸት ለብሷል፤ መሳቋን ረስታዋለች።

"ያ ሰሌዳ" አሉ በመጨረሻ ኦቦ ዋጋሪ። በአፍንጫቸው ምክንያት ድምፃቸው ከጓዳ የሚመጣ ይመስላል። "ዛፉ ላይ ያለው። ምንድን ነው?"

"ነግሬዎታለሁ እኮ" አሉ አቶ ማዘንጊያ ፈጠን ብለው። "የማዘጋጃ ቤት የቦታ ቁጥር ነው። ስንት ዓመት የሠራሁበት!"

"መነጽርህን ይዘሃል?"

"መነጽሬን ረስቻለሁ። ቢሆንም ቅርጹ..."

ድርቤ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች።

"አንቺ? ምን ይላል?"

"ተርብ አለ። አትቀመጡ። ይላል።"

ኦቦ ዋጋሪ አቶ ማዘንጊያን አዩአቸው። አቶ ማዘንጊያ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ኦቦ ታፋ እንደ ድስት ገንፈል፣ ገንፈል አሉና በሳቅ ፈነዱ። ጉሉማ ተከተላቸው። ኦቦ ዋጋሪም ሊይዙት ሞከሩ፤ ግን ሳቅ ሲመጣባቸው አፍንጫቸውን አመማቸው፤ "ወይኔ፣ ወይኔ!" እያሉ ሳቁ።

"ስሙኝ" አሉ እንባቸውን ጠርገው። "በምልኪ አላምንም። እናንተም ታውቃላችሁ።"

"እናውቃለን" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

"ቢሆንም፣ ባምን ኖሮ ምን እል ነበር? ቀበሮ ወደ ኋላ ይመልሳል። ይኼ ግን ወደ መንገድ አላባረረንም፤ ወደ ቤት አስገባን። ለሦስተኛው ቀን የተቀመጠውን በር በመጀመሪያው ከፈተልን። ደግሞም ለራሷ ሳትሳሳ ተርብ መሐል ገብታ አቅፋ ያወጣችኝ ሴት ያሳደገቻት ልጅ፣ ለልጃችን ለቀነዓ..." ጉሉማን አዩት። "እንግዲህ መጥተናል። ቀለሟን ስጠን።"

ጉሉማ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው በምንም አይቸኩልም።

"ዘመድ ልጠይቅ፣ ተመለሱ" አለ።

"እንመለሳለን" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። ድርቤ ይህን ስትሰማ ቁጭ አለች።

ጥቂት ቆይቶ የኦቦ ታፋ ጆሮ የአንጮቴ ቅጠል አከለ፤ ድሬሰር ይጠራ ተባለ። ከተማው ውስጥ በቅርብ ያለው ድሬሰር ደግሞ ቀነዓ ነው። አማች የሚሆን ልጅ ሳይፈቀድለት የዚያን ቤት ደፍ አይረግጥም፤ ሁሉም ተያዩ።

"መርፌ ይዞ ከመጣ ድሬሰር ነው" ሲሉ ፈረዱ ኦቦ ዋጋሪ። "አማች የሚሆነው ባዶ እጁን ሲመጣ ነው።"

ቀነዓ ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ መጣ። ሽማግሌዎቹን ሁሉ አከመ። ከጓዳ ፊቷን የታጠበች ልጅ የፈላ ውኃ ይዛ ስትወጣ የኦቦ ታፋን ጆሮ ትቶ ትከሻቸውን በአልኮል ይጠርግ ጀመር። ከፍልፈሉ የተረፈውም አንጮቴ ተቀቅሎ ቀረበ፤ ልማዱ አንዴ ፈርሷልና ማንም እምቢ አላለም። ሸዋጌጥ ሳቁን ሰምታ መጣች።

"ፍልፈሉስ?" አለች። "አልነገርኩሽም?"

ድርቤ ወጥታ አየች። ከጓሮው መሐል፣ ትናንት ድንጋይ የጫነችበት ቦታ አጠገብ፣ አዲስ አፈር እንደ ተነፋ ዱቄት ተቆልሏል።

ተርቡን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጉሉማ አቃጠለው። ነገ ደረሰ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ የተመለሱት በሳምንቱ ማለዳ ነበር። ድርቤ ሳምንቱን ሁሉ በየማለዳው በመስኮት ስትጠብቃቸው ከርማለች። ወደ ብሳናው ግን አልቀረቡም። መንገዱ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ አቶ ማዘንጊያ መነጽራቸውን አድርገዋል።

"አዴ ድርቤ!" ብለው ተጣሩ ኦቦ ዋጋሪ፣ በሽምግልና የማይደረገውን። "ሰሌዳው ዛሬ ምን ይላል?"

ድርቤ ከደጁ ብቅ አለች እንጂ አልመለሰችላቸውም። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ አቶ ማዘንጊያ አመለከተች። አቶ ማዘንጊያ አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ፤ በከሰል የተጻፉትን ሁለት ወፋፍራም ፊደሎች ጮክ ብለው አነበቡ።

"ግቡ።"