ጥሩምባ የጠራው ስብሰባ

ልዩ ስለ ከተማ የምታውቀውን ያህል ስለ ከተማ ሰው ብታውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። የምትሠራው ስለ ከተማ ኑሮ ሕዝባዊ ውይይት በሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ውይይት ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አዳራሽ ውስጥ አዘጋጀች። ርዕሱ የእግረኛ መንገድ ነበር፤ የመጣው ሰው በሙሉ ግን በመኪና መጥቶ፣ ማቆሚያ አጥቶ እየተነጫነጨ ገባ። ሁለተኛውን የታደሙት ከዝናብ የሸሹ ሰዎች ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ አዳራሹም ባዶ ሆነ።

ሦስተኛው ግን ቀልድ አልነበረም። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤቶች የተከበበ አንድ ሜዳ አለ። ሰፈሩ የሚድረውም የሚያለቅሰውም፣ በርበሬ የሚያሰጣውም ኳስ የሚራገጠውም እዚያው ነው። ልዩ ስለ እንዲህ ያለ ቦታ አምስት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ተምራ በዓይኗ ያየችው ግን እዚህ ነበር፤ ላንቻ ያደገች ልጅ ሜዳውን የአባቷ ርስት እስኪመስላት ድረስ ወደደችው። በአዲሱ ረቂቅ ፕላን ላይ ደግሞ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ተብሏል። አቶ ጉተማ የሚባሉ የፕላን ባለሙያ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው የነዋሪውን አስተያየት ይሰማሉ፤ ሰው ካልመጣ «ነዋሪው ተቃውሞ የለውም» ብለው ይጽፋሉ። ይህን በስልክ ሲነግሯት ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ሰው እንደማይመጣ ግን እርግጠኛ ነበሩ።

ልዩ ፖስተር ለጠፈች። «ዘላቂና አካታች የከተማ ምኅዳርን በጋራ እንገንባ» ይላል። ሰፈርተኛው አነበበው፣ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ አለመሆኑን አረጋገጠ፣ አለፈ። የቀበሌው አዳራሽም ለሌላ ስብሰባ ተይዟል ተባለች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ልዩም የእድሩን ጥሩምባ ነፊና ዕቃ ጠባቂ ጋሽ አባዲን ፍለጋ ሄደች።

«ድንኳኑን ለአንድ ጠዋት ቢያውሱኝ?»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም፤ ስብሰባ ነው።»

«በጤናው ስብሰባ ድንኳን ምን ያደርግለታል?»

ልዩ የሜዳውን ነገር ነገረቻቸው። ጋሽ አባዲ ፊታቸው ተለወጠ። ችግሩ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው። እሳቸው ሳይፈቅዱ ካስማ አይነቃነቅም፤ እሳቸው ደግሞ ሦስት ሳምንት ታመው በራቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ጋሽ አባዲ ግን «ጠዋት ተክለን እኩለ ቀን ላይ እንነቅለዋለን፤ አይሰሙም» አሉ። ልዩ ይሄ ሲሳካላት ልቧ አበጠ።

«ጥሩምባውንስ ቢነፉልኝ? ማለቴ፣ ሰው እንዲመጣ።»

«ጥሩምባው ያለው አንድ ድምፅ ነው ልጄ።»

«ከነፉ በኋላ ስብሰባ ነው ይበሉዋ።»

«እሱንስ እላለሁ» አሉ ጋሽ አባዲ፣ ሳይዋጥላቸው።

እውነትም ብለዋል፤ ሰውዬው አይታሙም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እየዞሩ ነፉ፣ «ስብሰባ ነው፣ ሁላችሁም ውጡ» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ። ግን ወሩ ነሐሴ ነው። ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቃሉ ከጎርፉ ጋር ሄደ፤ ጥሩምባው ብቻ በየቤቱ ገባ። ካዛንቺስ ደግሞ ጥሩምባ ሰምቶ ትራሱን የሚያስተካክል ሰው የለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልዩ አጎንብሳ ከፕሮጀክተሩ ገመድ ጋር ትታገል ነበር። ቀና ስትል ድንኳኑ ጢም ብሏል። ወንበር ያጣው ቆሟል፤ ከውጭም በጃንጥላ ስር የሚጠብቅ አለ። ከደስታ ብዛት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቧ የነበሩ ሴትዮ ይህን አይተው ሳብ አድርገው አቀፏት።

«አይዞሽ ልጄ። ምናቸው ነሽ?»

«አዘጋጇ ነኝ።»

«ተይው፣ ይሄማ የእግዜር ሥራ ነው።»

ልዩ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ሆና ዙሪያውን አየች። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። በዚህ መሃል ለቅሶ በማሞቅ የሚታወቁት እትዬ የሻረግ «ወየው ጋሼ፣ ወየው አባቴ» እያሉ ገቡ። ሟቹ ማን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ ግን በሰፈሩ ሦስት ሳምንት የታመመ ጋሼ አንድ ብቻ ነው። የጥጉ ባለሱቅ ኢዘዲንም ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ስለ ጋሽ ወልደአማኑኤል ጀመረ። «ቁጡ ነበሩ፤ አልዋሽም። ግን የሚቆጡት ለኛው ነበር» አለ።

ልዩ ጉዷን አወቀች። እውነቱን ብትናገር ሰው ይበተናል፤ ሰው ከተበተነ ሜዳው አለቀለት። አቶ ጉተማ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው። «ደርሰው እስኪያዩት ብቻ» አለች ለራሷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ዝም አለች።

አቶ ጉተማ ፕላናቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ብቅ ሲሉ እግራቸው ደጁ ላይ ቀረ። በሥራ ዘመናቸው የተሰደበ ፕላን አይተዋል፣ የተተኛበት ፕላን አይተዋል፤ የተለቀሰበት ግን አላዩም። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄን ያህል ያማቸዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አሏት ለልዩ በሹክሹክታ።

እትዬ የሻረግ የአቶ ጉተማን እጅ ለቀም አደረጉ። «ሳንጠግባቸው ሄዱብን ወንድሜ።»

«ገና ረቂቅ ነው እትዬ፤ አልጸደቀም» አሉ አቶ ጉተማ ሊያጽናኗቸው። እትዬ የሻረግ ማጽናናት የማያውቅ ሰው ነው ብለው እጃቸውን ለቀቁት።

ጋሽ ወልደአማኑኤል የገቡት ይኼኔ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራ ተደግፈው፣ ከስተው፣ ግን በእግራቸው። አንዲት ሴት ጮኸች፤ ሌላዋ ወንበር ስር ገባች።

«ለዳኛው ሳይነገር ድንኳን የተተከለው ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ ኢዘዲን ዞረ።

«እርስዎ» አለ ኢዘዲን፣ ጨንቆት። «ማለቴ… መስሎን ነው።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከዳር እስከ ዳር ድንኳኑን በዓይናቸው ዳሰሱት። «እና ለኔ የመጣው ሰው ይሄ ብቻ ነው? የቀሩት ይቀጣሉ።»

ጋሽ አባዲ ምሰሶው ጀርባ ሆነው በጣታቸው ልዩን ጠቆሙ። ልዩ ማይክራፎኑን አነሳች። ሀፍረቱ ጆሮዋን አቃጠላት።

«እኔ ነኝ። የሞተ ሰው የለም፤ የመጣችሁት ለስብሰባ ነበር። ገብቶኝ ነበር፤ ብናገር ትሄዳላችሁ ብዬ ፈራሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ድንኳኑ ተተራመሰ። «ሰው በቁሙ?» የሚል አለ፤ ነጠላውን እያስተካከለ የሚነሳም አለ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ስብሰባው የምንድን ነው?»

ልዩ የፖስተሩን ቃላት ሁሉ ረሳች። «ይሄ ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው» አለች።

የተነሳው ተቀመጠ። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ወንበር ስበው ከአቶ ጉተማ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።

«የምሬን የሞትኩ ቀንስ፣ ድንኳኔን የት ትተክሉልኛላችሁ?»

አቶ ጉተማ ፕላናቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ። መኪናው ሁሉ ቦታ ተሰጥቶታል። «እዚህ ላይ አልታየም» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ያሰኛቸው። ለማልቀስ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ለመናገር አይሰንፍም። ኢዘዲን ተናገረ፣ ከወንበር ስር የወጣችው ሴት ተናገረች፤ እትዬ የሻረግም የተረፋቸውን እንባ ለሜዳው አደረጉት። ልዩ ያዘጋጀችውን ስላይድ አንዱንም ሳታሳይ እኩለ ቀን ሆነ። አቶ ጉተማ የመኪና ማቆሚያውን ሰረዙና «ነዋሪው ይቃወማል፤ እኔም ሜዳው እንዳለ ይቆይ እላለሁ» ብለው ጻፉ። ጮክ ብለው አነበቡት፣ ፈረሙበት። ሰው አጨበጨበ። ልዩ አሁን ገና ትንፋሿ ተመለሰ።

ሰው መውጣት ሲጀምር አቶ ጉተማ ግን አልተነሱም።

«ጋሼ፣» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እድራችሁ የጎተራ ኮንዶሚኒየም ሰው ይቀበላል?»

«ጎተራ እድር የለም?»

«አዲስ ገቢ ነን፤ ገና አልተዋወቅንም። እናቴ በሰኔ ስታርፍ ለቀስተኛው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር የሚያጽናናኝ። የሚወጣው ከሚወርደው ይጋጫል። ጎረቤት ዕቃ ላሳልፍ ሲል ሰዉ እየተበተነ ሄደ። እኔም ሳላለቅስ ቀረሁ።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ ጋሽ አባዲ ዞረው ምሰሶውን እንዳይነቅሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። የወጡት አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ወንዶቹ ወንበራቸውን ያዙ። ልዩ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቅላ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን እንደገና አዘቅዝቀው አቶ ጉተማ አጠገብ ቆሙ።

«የእናትህ ስም ማን ነበር፣ ልጄ?»

«ጦቢያ» አሉ አቶ ጉተማ፤ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ።