ሃያ ሰባት ጭስ

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። ጣሊያን መንደራችንን ያቃጠለው በ1930 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። መንደራችን ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። አርበኞች የስልኩን ሽቦ ቆርጠው በሄዱ በማግስቱ ወታደሮች በአራት ካሚዮን መጡና ከዳር እስከ ዳር እሳት ለቀቁብን። ባሌ እንዳላማው በሬዎቹን ከጋጣ ለማውጣት ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። እኔ የሰባት ዓመት ልጄን የብርጓልን ይዤ ከተረፉት ጎረቤቶቼ ጋር ወደ ጮቄ አቅጣጫ ሽቅብ ሸሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ በር ሚካኤል ደረስን። ሃያ ሰባት ቤተሰብ ነበርን፤ የምንበዛው ባሎቻችን የሞቱብን፣ ወይም የት እንደ ገቡ የማናውቅ ሴቶች ነን። ድንጋይ በር ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ በአንድ ጠባብ በር ብቻ የሚገባበት ደብር ስለ ሆነ ካሚዮን አይደርስበትም። ጣሊያንም ከከተማው ምሽግ ርቆ መውጣት ይፈራ ስለ ነበር አገሩን የሚያስተዳድረው የአገሬው ሰው ራሱ ነው። ሕዝቡ ታረቀኝ የሚባል ጎልማሳ የጎበዝ አለቃ አድርጎ መርጦ ስድሳ ባለ ጠመንጃ ሰጥቶታል። በግብሩና በስንቁ ላይ ግን ብቻውን አያዝም፤ የሽማግሌዎች ሸንጎ አለበት።

የተቀበሉን እንደ ዘመድ ነው። የቆሎ ተማሪዎቹ በጦርነቱ ተበታትነው ጎጆዎቻቸው ባዶ ነበሩና እነሱን ሰጡን። ወለተ ኢየሱስ የምትባል ባልቴት በመጀመሪያው ቀን ገንፎ በገበቴ ይዛ መጥታ ልጆቹን በእጇ አጎረሰች። ከዚያ በኋላ ለየቤተሰቡ ከደብሩ ጎተራ በሳምንት ሁለት ሁለት ቁና ገብስ ይሰፈርልን ጀመር። እህሉ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም። ብንጠይቅ የሚቀርብን መሰለን።

ኋላ እንደ ሰማሁት በጎተራው ውስጥ የደብሩ የራሱ እህል የሚባል አልነበረም። ያለፈው አዝመራ በጦርነት ስለ ጠፋ፣ የድንጋይ በር ሰዎች በጥር ከጮቄ ግርጌ ካለ ገዳም መበደር ጀምረው ኖሯል። ያን ጊዜ ሸንጎው ገደብ አበጀ። የጎበዝ አለቃው በሕዝብ ስም የሚበደረው ጭስ በሚወጣበት ቤት ልክ አንድ አንድ ዳውላ፣ ማለት ሃያ ሃያ ቁና ብቻ ነው። በድንጋይ በር ዘጠና ቤት ነበር፤ ስለዚህ ዘጠና ዳውላ ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ በሚካኤል ግዝት! ይህንኑ መሪጌታ አካለ ወልድ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ጻፉት፤ ሕዝቡም ቆሞ ማለ።

ገደቡን ያመጡት የሸንጎው ታላቅ ባላምባራስ አንሙት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን ከመሬት የማያነሱ ሰው ነበሩ። በሰፈርንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ ጎጆዎቹ አልመጡም።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት እህል ሰፋሪው የጎተራውን ወለል በመጥረጊያ ጠርጎ የመጨረሻውን ቁና ሰጠን። ዘጠናው ዳውላ አለቀ። እህል ሊደርስ ገና አራት ወር ይቀራል።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሸንጎው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀመጠ። እኛ ከቅጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ተጠግተናል። ዝናብ ያካፋል፤ ንግግሩ ግን ቃል በቃል ይሰማናል።

ታረቀኝ ቆመና፣ "ገዳሙ ሌላ ሠላሳ ዳውላ ሊያበድረን ፈቅዷል" አለ። "ባለ ጠመንጃ ልጆቼ ባዶ ሆዳቸውን በር ይጠብቃሉ። እነዚህ ስደተኞችም አሉ። ገደቡ ከፍ ይበልልኝ።"

"ስንት ጊዜ ነው ከፍ የሚለው?" አሉ ባላምባራስ አንሙት። "ዛሬ ሠላሳ ትላለህ፤ በመስከረም ሌላ ሠላሳ ትላለህ። የሚከፈልበት ቀን ሲመጣ ከየቤቱ ዘር ልታወጣ ነው።"

"ጠላት ከገባ ዘሩንም ዘሪውንም ይወስዳል፣ ባላምባራስ።"

"እሱን አጥቼው አይደለም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "በክፉ ቀን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ዘሩን አበላን፤ ምን ያድርግ? አንድ ወር ኖርንበት። ዝናቡ ሲመጣ የምንዘራው አጣን። ከሰባት ወንድምና እህት ሁለት ቀረን። አሁን ደግሞ ይህ ሕዝብ ዘሩን ሲበላ ቆሜ ልይ? አይሆንም። ግዝትም አለብን።"

የብርጓል ጭኔ ላይ ተኝታለች። ሰውየው እውነታቸውን ነው አልሁ በልቤ፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እጠላቸው ነበር።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ "ስደተኞቹ ወደ ሌላ ደብር ይሂዱ እንግዲህ" አለ።

ወለተ ኢየሱስ በራሷ ርስት ግብር የምትከፍል ስለ ነበረች ከሴቶች እሷ ብቻ ሸንጎ ትቀመጣለች። "በዚህ ክረምት? በየትኛው ወንዝ ልታሻግሯቸው ነው?" ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ታረቀኝ አንዱን ሽማግሌ ፈሪ አለ፤ ሽማግሌው ዱላውን አነሣ፤ ሌሎች መሐል ገቡ። ነገሩ እዚያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ መሪጌታ አካለ ወልድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው ወንጌሉን አመጡ። በነጠላቸው ከዝናቡ ከልለው ኅዳጉን አነበቡ።

"'ጭስ በሚወጣበት ቤት ልክ' ነው የሚለው። ዘጠና የሚል ቃል የለበትም።"

"ጭሱ ዘጠና ነዋ፣ የኔታ!" አሉ ባላምባራስ።

"በጥር ዘጠና ነበር። እስቲ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ ይመልከቱ።"

ሁሉም ዞሩ። እንጨቱ እርጥብ ስለ ነበር ከየጎጆው ክዳን የሚወጣው ጭስ ጥቅጥቅ ብሎ ዳገቱን ሸፍኖታል። ሰዎች ሳቁ። ባላምባራስ አልሳቁም።

"በቃል አይጫወቱብኝ፣ የኔታ። ጭስ ያልነው ዕዳውን የሚከፍለውን ነው። መሬት የሌለው በምን ይከፍላል? ነገ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ዕዳቸው እኛው ላይ ይቀራል።"

"መሬት ቢኖራቸውስ?" አሉ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው።

ባላምባራስ አንሙት ከወንዙ ማዶ ሰፊ ዋልካ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት፣ ነበራቸው። ሁለቱ ልጆቻቸው ከታረቀኝ ጋር ከዘመቱ ወዲህ የሚያርሰው ጠፍቶ ጦሙን አድሯል። ይህን በሸንጎው ያለ ሁሉ ያውቃል። ማንም ግን ስሙን አልጠራም። ባላምባራስ ቀና ሲሉ የተመለከቱት ታረቀኝን ነው።

"መሬቱን እኔ እሰጣለሁ፤ አራሾቹ ግን አንተ ዘንድ ናቸው" አሉት። "የሰዎችህን እኩሌታ በየአሥራ አምስት ቀኑ እያፈራረቅህ ለእርሻ ትለቃለህ? በእነዚህ ሰዎች ስም ከሚመጣው እህልም አንድ ቁና ወደ በሩ አይሄድም። የሚከፍሉትን ራሳቸው ይብሉት።"

"በግማሽ ሰው በር ልጠብቅ? ያውም ያለ ስንቅ?"

"ስንቁን እኛ እንሰጣለን" አሉ መሪጌታ። "ዘንድሮ ተዝካር አይደገስ። ለድግስ የተያዘው እህል ወደ በሩ ይሂድ። ለሙታኖቻችን እኛ ካህናቱ ጸሎቱን እናደርሳለን።"

ከካህናቱ መካከል ማጉረምረም ተሰማ፤ ተዝካር የእነሱም ገበታ ነውና። አንዱ ቄስ፣ "የእናቴ ሙት ዓመት ለነሐሴ ነው፤ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?" አለ። መሪጌታ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ታረቀኝ ጠመንጃውን ተደግፎ፣ "በጄ" አለ። ደስ ብሎት አልነበረም።

ባላምባራስም፣ "ሰዎቹን ጥሯቸው" አሉ። "ዕዳ የሚገባ ሰው በራሱ አፍ ይናገር።"

ወደ ደጀ ሰላሙ ገባን። እኔ ከፊት ስለ ነበርሁ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው።

"ልጄ፣ አንድ ዳውላ ትበደሪና እህል ሲወቃ ትመልሻለሽ? ሳትከፍዪ ብትሄጂ ግዝቱ ይከተልሻል።"

"ማረስ አልችልም፣ አባቴ" አልሁ። "ካረሱልኝ ግን አርማለሁ፣ አጭዳለሁ፣ እወቃለሁ። ሳልከፍል ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

"ርስቱ የእኔ ነው። የምሰጣችሁ ለሁለት መኸር ብቻ ነው።"

"ይሁን።"

"በሉ ይጻፉ።"

መሪጌታ ብዕራቸውን አወጡ። ስሜን ጠየቁኝ፤ የአባቴን ስም ጠየቁኝ፤ የልጄንም ስም ጠየቁኝ። መንደሬ ከተቃጠለ ወዲህ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም "ስደተኞቹ" ነበርን። "ማንጠግቦሽ፣ አንድ ዳውላ" ብለው ጮክ ብለው ሲያነቡ እንባዬ መጣ። ከጎኔ የነበረችው ጎረቤቴ ያዘንሁ መስሏት እጄን ያዘች። አላዘንሁም። ከድንጋይ በር ሰዎች ጋር በአንድ ዕዳ ተጻፍሁ፤ እንግዲህ ማን ያባርረኛል?

ገብሱ ከገዳሙ በሳምንቱ መጣ። ከታረቀኝ ሰዎች እኩሌታዎቹ እየተፈራረቁ ወረዱና ለራሳቸውም ለእኛም አረሱ። የባላምባራስ ሁለት ልጆች ከእነሱ መካከል ነበሩ። ታላቁ ልጅ ጠመንጃውን ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ሞፈሩን ሲይዝ ባላምባራስ ከወንዙ ወዲህ ቆመው አዩት። ጊዜው ለጤፍ አልፎ ስለ ነበር በመስከረም ውሃው ከዋልካው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ዘራን።

ሁሉም ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። በነሐሴ መጨረሻ ሰዉ ለእርሻ በወረደበት ሳምንት ባንዶች የታችኛውን ግጦሽ ሰብረው አርባ ከብት ነዱ። ከእነዚያ ውስጥ አምስቱ ላሞች የታረቀኝ ነበሩ። ብዙ ሰው "ይህን ያመጣብን ያ ስምምነት ነው" ብሎ በእኛ ላይ ፊቱን አጠቆረ። እኔም ለብዙ ቀን ውሃ ስቀዳ ቀና ብዬ አልሄድሁም። ታረቀኝ ግን እሑድ ሸንጎ ላይ ተነሥቶ፣ "ከብቱ የሄደው በእኔ ጥበቃ ነው። ቃል ገብቻለሁ፤ ቀጣዮቹ ሰዎች ነገ ይወርዳሉ" አለና ተቀመጠ። እናቱ በዚያ ዓመት ወተት አልቀመሰችም። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ለዚያ ሰው የምከፍለው አጣለሁ።

ሽምብራው አማረ፤ ጓያውን ግን ትል አገኘው። በጥር ስንወቃ ከሃያ ሰባታችን አሥራ ስምንቱ ሙሉ ከፈሉ፤ ዘጠኛችን እኩሌታውን ብቻ ከፈልን። እኔ ከዘጠኙ አንዷ ነበርሁ። ባላምባራስ አውድማዬ ድረስ መጥተው ክምሩን አዩ፤ ቁናውን አዩ፤ እኔን አዩ። "ፈርቼው ነበር" አሉ። የቀረውም ዕዳ ለቀጣዩ መኸር እንዲተላለፍ ለገዳሙ መልእክት ላኩ።

በሁለተኛው ዓመት ዋልካው ሰጠን። የመጨረሻው ጭነት በ1932 ጥር ወደ ገዳሙ ሲሄድ የእኔ እህል ስላለበት አብሬ ሄድሁ። ባላምባራስም በበቅሏቸው መጡ። የገዳሙ መጋቢ እህሉን ሰፍረው፣ በመዝገባቸው ዕዳችንን ሰርዘው፣ ባርከው አሰናበቱን። የብርጓል መንገዱ ደክሟት ስታነክስ ባላምባራስ ወረዱና በቅሏቸው ላይ አስቀመጧት። ጎን ለጎን በእግር ሄድን።

"ባላምባራስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኋቸው።

"ስለ በቅሎዋ?"

"ስለ ሁሉም።"

"ይህን ለወለተ ኢየሱስ በያት፤ ለየኔታም በያቸው። እኔ የተቃወምኋችሁ ሰው ነኝ።"

"ለእነሱማ ሁልጊዜ እላለሁ። እርስዎ ሲቃወሙም ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። 'አይሆንም' ብለው ወደ ቤትዎ መግባት ይችሉ ነበር፤ ግዝቱም በእርስዎ በኩል ነበር። መሬትዎን ሰጡ። ልጄ በሕይወት ያለችው በዚያ ነው።"

የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። ከዚያ፣ "ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስሁም" አሉ። "ተታለልሁ ብዬ ነበር። ዛሬም እኩሌታው ስህተት ይመስለኛል።" ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። "ሌላው እኩሌታ ግን በቅሎዬ ላይ ተቀምጣለች።"

ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ሁለቱ መኸር ማለቁን ራሴ አነሣሁት። መሬቱን የምለቅበትን ቀን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው።

"ልጆቼ ገና በሩ ላይ ናቸው" አሉ። "ሲሶ እየሰጠሽ ብታሳርሺው እኔ አልጠላም።"

"ሲሶ ይበዛል፣ ባላምባራስ። ሩብ ይሁን።"

"ሩብ? በዋልካ መሬት?"

እስከ ደብሩ ድረስ ተከራከርን።