የአዋድ እጅ

አምኃ ሰላምታ የሚነፍገውን ሰው አይወድም። አገሩ ሳለ መምህር ነበር፤ በፖለቲካ ተሰድዶ ካርቱም ገባና አሁን ዐማራት በሚባል ሠፈር ባለ አንድ ቢሮ ወረቀት ይተረጉማል። የሚኖረው ከከተማው ዳር ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሠፈር ነው፣ ብቻውን። ዘመድ ከተባለ አንድ ጎረቤት ነበረው፤ አዋድ የሚባል የባቡር ጡረተኛ። አመሻሽ ላይ አዋድ በር ላይ ባለው የገመድ አልጋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

የአዋድ ሻይ ግማሹ ስኳር ነው። አምኃ የስኳር በሽታ ሲገኝበት ይህ ሻይ ተከለከለ። ታመምኩ ማለትን ግን ነውር አደረገው። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ሲል «ታዲያ ማን ያስታምምሃል?» መባሉ አይቀርም፤ ያንን መስማት አልፈለገም። ስለዚህ ጾም ነኝ፣ እስኪጨልም አልቀምስም ይል ጀመር። ፋሲካ አለፈ፣ ጾሙ ግን አላለቀም። አዋድም ሞኝ አይደለም፤ መጋበዙን ተወ።

ከዚያ ነገሩ ከፋ። አምኃ ከሥራ ሲመለስ ከአዋድ በር እንደ ድሮው እጁን አንስቶ ሰላምታ የሚያቀርብለት ጠፋ። እሱም ኩራቱ እራቱ ነውና፣ እኔ ልለምን እንዴ ብሎ ፊት ለፊቱን እያየ ያልፋል። ቀስ በቀስ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያኮረፈው መሰለው። እቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ብቸኝነቱ ያንገበግበዋል፤ ስደተኛን እስከ መጨረሻው ማን ይፈልገዋል እያለም ይብሰከሰካል።

ለስኳሩ ክትትል በሄደበት ቀን ዓይኑንም እንዲታይ ላኩት። ፋሪሃ የምትባለው የዓይን ሐኪም አገጩን መሣሪያ ላይ አስደገፈችውና መሃል ያለችውን መብራት ብቻ እያየ፣ በዳር ብልጭ የሚል ነገር ባየ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ነገረችው። ጥቂት ተጫነ። ከዚያ ብልጭ የሚል ነገር አጣ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ጠየቃት።

መሣሪያው ደህና ነበር። ሱዳኖች ሞያ ዘርጋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ የሚሉት ግላኮማ ነው አለችው። ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል፤ በሽታው ሳያም ሳያሳውቅ የዳር እይታን ይበላል። ጠብታው የቀረውን ለማትረፍ ነው እንጂ የሄደው አይመለስም። የባሰው በግራ በኩል ነው አለችው።

ከሥራ ሲመለስ የአዋድ በር በግራ ነው።

ያን ቀን አንገቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ አየ። የገመድ አልጋው ባዶ ነበር። የአዋድ ልጅ ሚያር ወጥታ፣ አባቷ አትባራ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሊኖር ጠቅልሎ እንደሄደ ቅዝቅዝ ባለ ድምፅ ነገረችው።

«የሄደ ቀን እዚሁ ቆሞ እጁን ዘርግቶልዎ ነበር፣ አጎቴ አምኃ። አልፈውት ሄዱ።»

አምኃ እንድትደውልለት ለመናት፤ ደውላ ስልኩን ሰጠችው። እኔ ነኝ አለ።

«ጾሙ አለቀ?» አለ አዋድ።

«ጾም አልነበረም፤ ስኳር ነው። አሁን ዓይኔን ይዞታል። ወላሂ፣ አላየሁህም።»

«እጄንስ?»

«እጅህንም።»

«የተሳፈርኩበት ባጃጅ እስኪታጠፍ ድረስ ወደ ኋላ ዞሬ ሳይህ ነበር» አለ አዋድ። «አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል እያልኩ።»

አምኃ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ከገመድ አልጋው ጫፍ፣ በድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ።