ጉልበት የከዳት ዕለት

ተኩሱ ሲሰማ እቴነሽ ድንች እየመዘነች ነበር። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ተኩስ መስማት ብርቅ አይደለም፤ ሰው ጎንበስ ይላል፣ ያዳምጣል፣ ሲበርድ ወደ ንግዱ ይመለሳል። የዛሬው ግን የመጣው ከትምህርት ቤቱ በኩል ነው። አንዲት ልጇ ማርያማዊት ደግሞ እዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«ተማሪዎቹ አምፀዋል አሉ!» አለች አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሙሉእመቤት። የእሷም ልጅ እዚያው ነው።

ሁለቱም ነጠላቸውን አገልድመው ቁልቁል ሮጡ። እቴነሽ መንገዱን ሙሉ «አደራሽን እመቤቴ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። አምና የጎረቤቷ ልጅ እንዲህ ባለ ቀን ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ሞቷል የሚል ሰው ስላልተገኘ እስካሁን እንኳ ድንኳን አልተጣለለትም።

በሩን የመንግሥት ታጣቂዎች ይዘውታል። ርዕሰ መምህሩ ፋሲል ላቡን እየጠረገ ወደ እሷ መጣ።

«ወደ ሰማይ ነው የተተኮሰው እትዬ፤ እስካሁን የተጎዳ የለም። ልጆቹ ግን አዳራሽ ገብተው አንወጣም ብለዋል። ከፊት የተቀመጠችው የእርስዎ ልጅ ናት። ገብተው ይዘዋት ይውጡ፤ አዛዡ ትዕግሥቱ አልቋል።»

እቴነሽ ገባች። ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የልጇን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ተነሽ!»

«እማ፣ ፈተናው ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው አሉን። ኮምፒውተር ነክተን አናውቅም። ትምህርት ቤቱ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ከርሟል፤ የሒሳብ አስተማሪ እንኳ የለንም። ወይ አስተምሩን፣ ወይ በወረቀት ፈትኑን ነው ያልነው።»

«ገደል ይግባ ፈተናው! ወድቀሽ ብትመጪ ቤት አለሽ። ሞተሽ ብትመጪ ምን አደርግሻለሁ?»

«እኔም ፈርቻለሁ። እኔ ከወጣሁ ግን የቀሩትን ነው የሚቀጠቅጧቸው።»

ደጅ ላይ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ያኔ የእቴነሽ ጉልበት ከዳት። ልጇ አጠገብ ዘጭ አለች። ልነሳ ብትል እግሯ አልታዘዝ አላት።

በበሩ አሻግራ የምታየው ሙሉእመቤት ግን ሌላ መሰላት። «እቴነሽ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠች!» ብላ ጮኸች፤ ታጣቂውን ገፍትራ ገብታም ከጎኗ ቁጭ አለች። ደጅ ያሉት እናቶች ተከተሏት። እቴነሽ «ኧረ እኔስ መነሳት አቅቶኝ ነው» ልትል ፈለገች፤ በጫጫታው ግን የሚሰማት አልነበረም።

አዛዡ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እቴነሽ ጫማውን እንጂ ፊቱን አላየችም። የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፍና፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሰውየው ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ።

ወደ ማምሻው አንድ ባለሥልጣን መጥቶ የዘንድሮው ፈተና በወረቀት እንደሚሆን ተናገረ። ልጆቹ በእልልታ አዳራሹን አናወጡት። እቴነሽ ለመነሳት የቻለችው ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው፤ ቀሚሷ ረጥቦ ነበር።

በማግስቱ ማርያማዊትን ወደ አንበሳሜ፣ አክስቷ ዘንድ ወሰደቻት። ደግ አደረገች፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ተማሪዎች ከየቤታቸው ተለቀሙ። የሙሉእመቤት ልጅ ከተያዙት አንዱ ነበር። ሲፈታ ራሱን ተላጭቶ፣ ስላየው ነገር አንድም ቃል የማይተነፍስ ሆኖ ተመለሰ።

ማርያማዊት ፈተናው ሲደርስ ተመልሳ ተፈተነች። ለዩኒቨርሲቲ አልበቃችም፤ ለአቅም ማሻሻያው ትምህርት ግን ለጥቂት አልፋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ገበያ ላይ ሴቶቹ እቴነሽን «አንበሲት» ይሏታል። እሷ ድንቿን ትመዝናለች። ልጇ በስልክ «ደህና ነኝ እማ» ስትላት «እዚያስ ጸጥታው እንዴት ነው?» ትላለች፤ መልሱን እስክትሰማ ትንፋሿን ትይዛለች።