የጠፉት ቤዞች

ትርፌ ዓይኗ ከታመመ ወዲህ መዘምራኑን ማሠልጠን ትታለች። ሶዶ ውስጥ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አራቱን ድምፅ፣ ከሴቶቹ ቀጭን ሶፕራኖ እስከ ወንዶቹ ወፍራም ቤዝ፣ እየለየች ለብዙ ዓመት ስታስጠና ቆይታ፣ በመጨረሻ ከፊት የቆሙትን እንኳ መለየት ሲያቅታት፣ «የማላያቸውን ሰዎች እንዴት ነው የምመራው?» ብላ ቤቷ ተቀመጠች።

በ1990 ዓ.ም. ዱቦ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ የሌዘር ዲስክ ማጫወቻዋን ለትርፌ ሰጠቻት። ዲስኮቹ እንደ ሸክላ ትልልቅ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ ነበሩ። አንዱ ላይ የአንድ ትልቅ የመዘምራን ቡድን ዝማሬ አለ።

ባሏ ዳልጮ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው።

«ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው የሚመጣው» አለ ቅር ብሎት።

«ሥዕሉን ተወው። ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው የሚዘምሩ ነው የሚመስሉት። ቤዞቹ የት ሄዱ?»

«ይሰማሉ እኮ።»

«አይሰሙም!»

ዳልጮ ሚስቱን ያውቃታል፤ እንዲህ ካለች አትተውም። ታናሽ ወንድሙ ኤርካሎ ሻንቶ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ሥራውን ሲተው አምፕሊፋየሩንና ሁለት ስፒከሮቹን ጓዳ አስቀምጧቸዋል። ዳልጮ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ።

«ውሰዳቸው» አለው ኤርካሎ፣ «ግን አንዱ ስፒከር ተቃጥሎ የተጠገነ ነው። ብዙ አትጠብቁ።»

ቤት ሲደርስ ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣውን የድምፅ ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካው። መጀመሪያ የሰካው በማይክሮፎኑ ቀዳዳ ነበርና ድምፁ አንባረቀ፤ ትርፌ ጆሮዋን ያዘች። ለቴፕ በተሠራው ቀዳዳ ሲቀይረው ዝማሬው ጥርት አለ።

«ሶፕራኖዎቹ መጡ» አለች። «ቤዞቹ ግን አሁንም የሉም።»

ዳልጮ የአምፕሊፋየሩን የቤዝ ማጉያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው።

«አሁንስ?»

«ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ እንጂ ሰዎቹ አልመጡም።»

«ኤርካሎ ነግሮናል እኮ፤ ያረጁ ናቸው። ይብቃን፣ ትርፌ።»

«አይበቃንም። አንዱን ስፒከር ንቀልልኝ።»

ነቀለላት። እየዳሰሰች ወደሚጫወተው ሳጥን ተጠጋችና መዳፏን አሳረፈችበት። ወፍራሙ የወንዶች ድምፅ ከእጇ በታች ተነሣ። «አሉ!» ብላ ጮኸች። ሌላውን ብቻውን ሲያጫውተውም ቤዞቹ አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ተመልሰው ጠፉ።

«እንግዲህ አላረጁም» አለች። «ለየብቻ ደኅና ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ ነው የሚጣሉት። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይሆን እንዴ?»

ዳልጮ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን መረመረ። «ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። ምንም አልተሳሳትኩም።»

«የውጩን አልተሳሳትክም። የተጠገነውን ስፒከር ውስጡን ማን አየው? የሚጠግኑት ሰዎች ገልብጠው ገጥመውት ቢሆንስ?»

ዳልጮ አምፕሊፋየሩን አጠፋና የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አቀያየራቸው። ከቀለሙ ውጪ ማገናኘቱ ደስ አላለውም፤ ሲያበራው እጁን ከቁልፉ አላነሣም።

ቤዞቹ ገቡ። ክፍሉን ሞሉት። ዳልጮ ራሱ «ውይ!» አለና ሁለቱም ሳያውቁት ወደ ወላይትኛ ገብተው እኩል ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ትርፌ ዝም በል ብላ ምልክት ሰጠችው። ፊቷን ወደ ስፒከሮቹ አዙራ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ሴቶቹ በግራ ናቸው፤ ቤዞቹ ከኋላ በቀኝ» አለች። «ከነሱ መካከል ደግሞ ትንሽ እየዘገየ የሚገባ አንድ ሰው አለ።» ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ዳልጮ፣ እኔ እኮ አላየሁትም። ግን የት እንደቆመ አውቃለሁ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳልጮ ክንዷን ይዞ ወደ ልምምዱ ወሰዳት። መዘምራኑ ሲያዩዋት ተንጫጩ። እሷ ግን ሰላምታውን አሳጥራ ከፊታቸው ቆመች።

«ከመዘመራችሁ በፊት» አለች፣ «ከበሩ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ስማችሁን ንገሩኝ። ቀስ ብላችሁ።»