አስካል ሳማንን የሸኘችበት ጠዋት

ሳማን ከስሪላንካ ብሔራዊ ቡድን ሊሰናበት መሆኑን አስካል የሰማችው ሥራ ላይ፣ ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ነው። ስልኳ ላይ አጭር ዜና ብቅ አለ። ባርቤዶስ ላይ ከዌስት ኢንዲስ ጋር የሚደረገው ግጥሚያ የመጨረሻው ነው ይላል። አብራት የምታጥፈው ብርቅታይት ፊቷን አይታ፣ "ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ?" አለቻት።

"አይ፣ የክሪኬት ተጫዋች ነው። ሊያቆም ነው።"

ብርቅታይት ተጨማሪ ነገር ጠበቀች። አስካል ግን፣ "ቅዳሜ ሺፍት እንቀያየር" ብቻ አለች።

አስካል ክሪኬትን ያወቀችው ቤይሩት ነው። ሰው ቤት ልትሠራ የሄደች ጊዜ፣ እሑድ ዕረፍት ብታገኝም መሄጃ አልነበራትም። እዚያው ሕንጻ ላይ የምትሠራ ኒሉካ የምትባል ስሪላንካዊት ናት ይዛት የወጣችው። የኒሉካ አገር ሰዎች እሑድ እሑድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ኒሉካ አስፋልቱ ዳር አስቀምጣት፣ ሁለቱም ከየማዳማቸው ማድቤት በለቃቀሙት ዓረብኛ ታስረዳታለች፤ ያኛው ኳስ ወርዋሪ ነው፣ ይሄኛው መቺ ነው፣ ኳሱ ከመቺው ኋላ ያሉትን ሦስት እንጨቶች ከነካ መቺው ከሜዳ ይወጣል።

ሲመሽ የአንድ ስሪላንካዊ ሱቅ ውስጥ ተጠጋግተው የብሔራዊ ቡድናቸውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያሉ። ሳማን ያኔ አዲስ ገቢ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ሌላው ሰው የሚወደው ኳሱን ወደ ሰማይ የሚልኩትን ነው። አስካል እሱን ወደደች። ሳማን የማይመታውን ኳስ ለይቶ ያውቃል። ዱላውን ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል። ተመልካቹ ምታ እያለ ይጮኽበታል፣ እሱ ጓንቱን አጥብቆ እንደገና ይቆማል። ከጠዋት እስከ ማታ ስትታዘዝ ለምትውል ልጅ፣ እየተጮኸበት የማይቸኩል ሰው ማየት ደስ ይል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኒሉካ አገሯ ገባች። አስካልም አዲስ አበባ ተመልሳ ዓብይን አገባች፤ ዲቪ ደርሷቸው ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራዩ። ሳማንን መከታተሏን ግን አልተወችም።

ቅዳሜ ማለዳ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ተቀመጠች። ዓብይ ከሌሊት ሺፍት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣

"ይሄን ሰውዬ ብለሽ ነው ሺፍት የቀየርሽው?" አለ።

"እሱን ብዬ ነው።"

"አያውቅሽም እኮ።"

"አንተንስ አርሰናል ያውቅሃል?"

ዓብይ ሳቀና አጠገቧ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ሳማን ወደ ሜዳ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። አስካል ብቻዋን ማየት አልሆንልሽ አላት። በዓል ሲሆን ብቻ ለምትደውልላት ለኒሉካ በቪዲዮ ደወለችላት። እዚያ መሽቷል። ኒሉካ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች።

"እያየሽ ነው? ሳማን የመጨረሻው ነው።"

"የቱ ሳማን?"

"ሳማን ነዋ፣ የኛው።"

ኒሉካ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። "እስካሁን ይጫወታል እንዴ? እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ክሪኬት አይቼም አላውቅ። ያኔ የማየው አገሬ ስለሚናፍቀኝ ነበር። ከገባሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?"

አስካል የሰው ዕቃ በአደራ ይዛ ስትጠብቅ ኖራ፣ ባለቤቱ ጭራሽ የረሳው መሰላት። "በይ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ" አለች።

"አትዝጊው" አለች ኒሉካ። "ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሪልኝ።"

አስካል ስልኩን የውሃ ኮዳ ላይ አስደግፋ አቆመችው። ኒሉካ ቀረብ ብላ ታይ ጀመር።

"ለምን አልመታውም?"

"ወደ ውጭ የሚሄድ ኳስ ነው። የዱላውን ጫፍ ከነካ ከኋላ ቀልበው ያስወጡታል።"

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"አንቺ ነሽ።"

"እኔ? እኔ የማውቀው እንጨቶቹን ብቻ ነው" ብላ ኒሉካ ሳቀች።

ሳማን እንደ ወትሮው ሳይቸኩል ብዙ ቆየ። አንድ ሁለት ጊዜ ያማረ ምት መታ፤ የቀረውን አሳለፈ። ከዚያ አንድ ኳስ መሬቱን ታክኮ ከዱላው ሥር ሾለከና መሃለኛውን እንጨት ጣለው። የዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾች ተራ በተራ መጥተው ጨበጡት። የራስ መከላከያውን ሲያወልቅ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። አስካል ይሄን ሁሉ ዓመት ስታየው ማርጀቱን ልብ ብላው አታውቅም። ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሳማን ከሜዳው ወጥቶ በሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆማ አየችው፤ እንባዋን አልጠረገችውም።

ኒሉካ፣ "እኔ ከቤይሩት ስሄድ ኤርፖርት አልመጣሽም" አለች።

"ማዳም አልለቀቀችኝም። በመስኮት ነው ታክሲው ሲሄድ ያየሁት።"

"አውቃለሁ። እኔም ወደ ላይ አይቼ ነበር፣ ግን መስኮቱ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።"

ይህን ነገር ተነጋግረውት አያውቁም። ሌላ መቺ ገብቶ ጨዋታው ቀጠለ። አስካል ስልኩን ከኮዳው ላይ አንሥታ ወደ ፊቷ መለሰችው።

"አልተለወጥሽም" አለቻት ኒሉካ።

"ውሸታም።"

"ቆይ፣ ባሌን ልጥራው። ስምሽን እንጂ መልክሽን አያውቅም።"

አስካል ዓብይን ትከሻውን ይዛ ቀሰቀሰችው። እሱም በእንቅልፍ ልቡ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ ቀና አለ። ስልኩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሳቅ እያለ እጁን አወዛወዘለት። ሁለቱ ሰዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ብዙም አልነበራቸውም፤ ሄሎ፣ ሄሎ ተባባሉና፣ ሚስቶቻቸው በዓረብኛ ሲያወሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ጀመር።