የቀረችን አንዲት መስኮት

ኢንተርኔቱ እኩለ ቀን ላይ እንደሚቋረጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ መንገዱ ይዘጋል፣ ከዚያ መስመሩ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለው ላቦራቶሪያችን ሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ስመለከት ሃፍላዎቹ፣ የከተማው ሚኒባሶች፣ ወንበራቸው ሳይሞላ በከተማው ዳር ወዳለው ካላክላ እየሸሹ ነበር። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

“ያ ባሽሙሃንዲሳ፣” አለኝ ሙስዐብ በስልክ፤ ኢንጂነሯ ማለቱ ነው። “ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አንድም ውጤት አልደረሰኝም። ሰው ወንበር አጥቶ ቆሟል።”

ሙስዐብ የካላክላው ቅርንጫፋችን ጸሐፊ ነው። ደም እዚያ ይቀዳል፣ እዚህ ይመረመራል። ውጤቱን የእኛ ሰርቨር በየሩብ ሰዓቱ ለእነሱ ሰርቨር ይልካል፤ እሱ አትሞ ማኅተም ያደርግበታል። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚግባቡት በይለፍ ቃል ሳይሆን በቁልፍ ነው። የእኛው ምስጢራዊውን ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፣ የካላክላው የተፈቀዱ ቁልፎች የተመዘገቡበትን ፋይል አይቶ ያስገባዋል። ሰው መሀል አይገባም። ዛሬ ግን የእኛው ሲያንኳኳ የዚያኛው መልስ አንድ ብቻ ሆነ፤ አልተፈቀደም።

“ቁልፉ ተበላሽቷል፣” አለ ግሩም፣ የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባዬ። እጁ ኪቦርዱ ላይ ደርሷል። “ጥለነው አዲስ እንሥራ። ያላ፣ አምስት ደቂቃ ነው።”

“አዲሱን ካላክላ ላይ ማን ይመዘግብልሃል?” አለች ሀኒፋ ከበሩ። “በሩ ተዘግቶብህ ሳለ የያዝከውን ቁልፍ ትጥላለህ? እጅህን አንሣ ወንድሜ።”

ግሩም እጁን አነሣ።

ሀኒፋ አለቃችን ናት። ከወሎ ስትመጣ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስምንት ዓመት በቤት ሠራተኝነት አገልግላለች። የዕረፍት ቀኗን አርብን በሙሉ ኮምፒውተር ስትማር አሳለፈችው። ሰዎች ይህን እየተናገሩ ያደንቋታል። እኔ የማደንቃት በሌላ ነው። የስህተት መልእክትን እስከ መጨረሻው ቃል የምታነብ፣ ከእሷ ሌላ ሰው አላውቅም። እኛ የመጀመሪያውን መስመር አይተን እንሮጣለን። እሷ የራስ መሸፈኛ ጠርሃዋን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች፣ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ታነባለች።

አነበበች። “ቁልፉን አቅርቧል። ያኛው አይቶታል። አይቶ ነው እንቢ ያለው፣” አለች። “ስለዚህ የሚያንኳኳውን አትጠይቁት። እሱ እንቢ ከመባሉ ሌላ የሚያውቀው የለም። ምክንያቱ ያለው እንቢ ባዩ ጋ ነው።”

የካላክላው ሰርቨር ደግሞ በይለፍ ቃል ከሩቅ ማንንም አያስገባም፤ ይህ የተደረገው ለጥንቃቄ ነበር። እዚያው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ የሚያስገባው የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያለው፣ ባለፈው ዓመት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ሄዶ ስልኩን በቀየረው መሐንዲስ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

“እንግዲያው በምን እንገባለን?” አለ ግሩም።

“እኔ ላፕቶፕ ላይ አንድ ክፍት መስኮት አለ፣” አልኩ። “ትናንት ጠዋት ከካላክላው ጋር እንደተገናኘ አልዘጋሁትም።”

ሀኒፋ ላፕቶፔ አጠገብ መጥታ ቆመች። ጥቁሩ መስኮት ክፍት ነው፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ጊዜ የገባን ሰው ሰርቨሩ መልሶ አያስወጣውም። ከወጣ ግን ዳግም አይገባም።

“ማሻአላህ፣” አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወረቀት ቀደደች፣ በዐረብኛና በአማርኛ “አይነካ” ብላ ጻፈች፣ ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። “መስመሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሲቋረጥ ይቺም ትሞታለች። እስከዚያ ያለችን እሷ ብቻ ናት።”

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሙስዐብ ነበር፤ አንዲት የአገራችሁ ልጅ ልታነጋግራችሁ ትፈልጋለች ብሎ ስልኩን ሰጣት። ሀኒፋ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

“እታለም፣ ጀሚላ እባላለሁ። ማዳሜ የምትለቀኝ ሐሙስ ብቻ ነው። ሐኪሙ የኩላሊቱን ውጤት ሳላይ መድኃኒቱን አልጀምርልሽም አለኝ። እሱ ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣል። ቁጥሩን ዝም ብለሽ ንገሪኝና ይጻፉልኝ በአላህ።”

“የኔ እናት፣ በስልክ የተባለ ቁጥር በሰው የደም ውጤት ላይ አይጻፍም። ብሳሳትብሽስ?” አለች ሀኒፋ። “እዚያው ተቀመጪ። ውሃ ጠጪ። ኢንሻአላህ ወረቀቱ ይወጣል።”

ስልኩን ዘግታ ወደ እኛ ዞረች። “እንቢ ያለበትን ምክንያት ሰርቨሩ በውስጥ ማስታወሻው ጽፎታል። ማስታወሻውን ለማንበብ ግን አስተዳዳሪ መሆን ያስፈልጋል። እኛ አይደለንም። እንግዲህ ሰው እንጠይቃለን። ትናንት ካላክላን ማን ነካ?”

“እኔ የነካሁት ፉል ብቻ ነው፣” አለ ግሩም። “እሱም ራሱ ነው የነካኝ።”

ሀኒፋ አልሳቀችም። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሙስዐብ ደውሎልኝ ነበር። እሱ ከራሱ ኮምፒውተር ሰርቨሩ ላይ ፋይል ከማስቀመጥ ሌላ ሥልጣን የለውም። የቀጠሮ ዝርዝሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ለመነኝ። ውጤቶቹ በሚገቡበት፣ ቤት በምንለው ዋና ፎልደር ውስጥ፣ አንድ ፎልደር ከፈትኩለት፤ አልሠራለትም። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አልሠራለትም። “ማዓለሽ ዮሳቤጥ፣ አስቸገርኩሽ፣” ይላል በየመሀሉ፣ ፊቴን በይሉኝታ እያቃጠለው። ያንን ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ከማቆየው ብዬ ሁሉንም ነገር ለሁሉም ከፈትኩት። “ሠራ!” አለ። ደስ አለኝ። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ መስመር ነበር።

ግድግዳው ላይ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

“እትዬ ሀኒፋ፣” አልኩ። “ለኡስታዝ ሙስዐብ ብዬ ቤቱን ከፍቼዋለሁ። ማንም እንዲጽፍበት።”

ግሩም አፉን ከፈተ። ሀኒፋ ሳታየው እጇን አነሣችበት፤ አፉን ዘጋ።

“ቁልፎቹ የተመዘገቡበትን ቤት?”

“አዎ።”

“እሱ ነዋ!” ፊቷ በራ፤ አልተቆጣችም። “ሰርቨሩ ትክክል ነው። ማንም ገብቶ ሊጽፍበት በሚችል ቤት ውስጥ ያለ የቁልፍ መዝገብ እንዴት ይታመናል? ሌባ የራሱን ቁልፍ ጨምሮበት ቢሆንስ? ስለዚህ የእኛንም ጭምር አላምንም አለ። ጎበዝ ማሽን ነው። ነይ፣ ዝጊው። አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ እንሞክራለን።”

ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ያቺን አንዲት መስመር ስጽፍ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ግሩም ከእኛ ሰርቨር ላይ ሞከረ።

አልተፈቀደም።

“በቃ አለቀልን፣” አለ ግሩም። “ሙዛሃራው፣ ሰልፉ ሳይጀመር እኛ ተበተንን።”

ሀኒፋ ስክሪኑን እንደገና እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ወንበር ስባ ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠች። “ዮሳቤጥዬ፣ ትናንት የጻፍሽውን ቃል በቃል ንገሪኝ። ልፈርድብሽ አይደለም። የት እንደምዘጋ እንዳውቅ ነው።”

እንግዲህ ግማሹን ብቻ እንደነገርኳት ያኔ አወቅሁ። ቤቱን ብቻ ከፈትኩ ማለት ትንሽ ጥፋት መስሎኝ ነበር፤ ትንሹን መርጬ ሰጠኋት።

“ቤቱን ብቻ አይደለም፣” አልኩ። “ከላይ እስከ ታች፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ ነው። የቁልፎቹን ፎልደር፣ ቁልፎቹ የተጻፉበትን መዝገብም። ሁሉንም ለሁሉም።”

“ይኸው!” ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። “አንዱን ዘጋን፣ ሁለት ቀረን። ቀጥይ።”

የቁልፎቹን ፎልደር ዘጋሁ። ግሩም ሞከረ፤ አልተፈቀደም። በዚህ ጊዜ ማንም አለቀልን አላለም። መዝገቡን ዘጋሁ። ግሩም ሞከረ። ትንሽ ቆየ።

“ገባ፣” አለ ግሩም። “ወላሂ ገባ!”

እጄ መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች። ሀኒፋ ያዘችኝ። “አንድ ጊዜ መግባት መግባት አይደለም። ይውጣና እንደገና ይግባ። ከዚያ ውጤቶቹ ይሂዱ። ሙስዐብ በዓይኑ ይይ። የዚያን ጊዜ አሮጌዋን እናሰናብታታለን።”

ግሩም ወጣ፤ ገባ። አርባ አንድ ውጤቶች ሄዱ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነበር። ሙስዐብ ደወለ፤ ከኋላው የማተሚያው ድምፅ ይሰማል።

“ያ ባሽሙሃንዲሳ! የጀሚላ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። ማኅተም አድርጌላት እየሮጠች ሄደች፤ ይባርክሽ ብላሻለች።” ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። “አንድ ነገር፣ ማዓለሽ፣ የትናንቷ ፎልደሬ ተዘጋችብኝ። ትከፍቺልኛለሽ?”

ሀኒፋ የሥራ ደብተራችንን ገልጣ ነበር። አልተመለከተችኝም። ግሩም ግን ተመለከተኝ፤ ቅንድቡን ሰቅሎ።

“ላእ፣ ያ ኡስታዝ፣” አልኩ። “አሁን አይሆንም። እሑድ ለብቻዋ አንዲት ቦታ በትክክል እሠራልሃለሁ። እስከዚያ ዝርዝሩን ባለበት አቆየው።”

ይቀየመኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“ጠይብ፣ እሺ፣” አለ ሙስዐብ። “እሑድ።” ዘጋ። ያን ያህል ብቻ ነበር።

ሀኒፋ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገችልኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋለች፣ “ያደረገው” ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ትታዋለች። ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ “ያስተካከለው” የሚል መስመር አለ፤ እዚያ የእሷን ስም ልጽፍ ስል ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

“እዚያም ያንቺን። እኔ የጻፍኩት ‘አይነካ’ ብቻ ነው።”

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ በአገጯ አመለከተችኝ። ከመንገዱ የሰልፈኛው ጩኸት መሰማት ጀምሯል። ከክዳኑ ላይ ወረቀቱን በጥንቃቄ ላጥኩ፣ አጥፌ ደብተሩ ውስጥ አስገባሁት፣ መስኮቷንም በገዛ እጄ ዘጋኋት።